«ማን ገደለ?» ከማለታችን በፊት፦ ለጅማ ክረምት የመረጥኳቸው ወንጀል ነክ ዘጋቢ ፊልሞችና ተከታታይ ድራማዎች

ገዳዩ ማን እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ከሆነ ወንጀል ነክ ዘጋቢ ፊልም ማየት አያስፈልግም። ስሙን ጎግል ላይ መጻፍ ይበቃል፤ መልሱ በግማሽ ደቂቃ ይመጣል። ስድስት ሰዓት፣ አሥር ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ ማየት የሚያዋጣው ለሌላ ጥያቄ ነው፦ «ይሄ ሰው ገድሏል» የሚሉት ሰዎች በምን አወቁ? ማን ነገራቸው? የነገራቸውስ ሰው ምን ይጠቀማል? ይህን የሚያስጠይቅ ሥራ ለእኔ ጥሩ ሥራ ነው። ደም አሳይቶ፣ ሙዚቃ አስጩሆ ማስደንገጥ ብቻ የሚፈልገው ቢቀር ይሻላል። ከታች ያሉትን የመረጥኳቸው በዚህ ሚዛን ነው። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጅማ ላይ ወቅቱ ራሱ ለዚህ ይመቻል። ሐምሌ ላይ ከቀትር በኋላ የጅሬን ኮረብታ በደመና ከተሸፈነ መውጫ የለም፤ ጎረቤት ለቡና ተጠራርቶ አምስት ስድስት ሆኖ አንድ ቤት ይቀመጣል። ወንጀል ነክ ዘጋቢ ፊልም ደግሞ ለብቻ ከሚያዩት ተሰብስበው ሲያዩት ይበልጣል። አንዱ የተናጋሪውን ፊት ሲያይ ሌላው ቃሉን ይይዛል፤ አንዱ ያመነውን ሌላው ይጠራጠረዋል።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ኤሮል ሞሪስ በ1988 የሠራው «ዘ ቲን ብሉ ላይን» ነው። 103 ደቂቃ ብቻ ነው። ፊልሙ አርጅቷል፣ ግን በኋላ የመጡት ሁሉ የእሱ ተማሪዎች ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1976 ዳላስ ከተማ አንድ ፖሊስ የፊት መብራቱን ያላበራ መኪና አስቁሞ ወደ ሾፌሩ ሲጠጋ በጥይት ተመትቶ ይሞታል። ራንዳል ዴል አዳምስ የተባለ ሰው ተከሶ ሞት ተፈረደበት። ዋናው የዐቃቤ ሕግ ምስክር መኪናውን የሰረቀው የ16 ዓመቱ ዴቪድ ሃሪስ ነበር። አዳምስ በ1979 ሊገደል ሦስት ቀን ሲቀረው ፍርዱ ታገደ፤ ቀጥሎም ወደ ዕድሜ ልክ ዞረ። ፊልሙ በወጣ በዓመቱ፣ በ1989፣ ነፃ ወጣ።

ይህን ፊልም ስታዩ ልብ በሉ፦ ሞሪስ የመንገድ ዳሩን ግድያ በተዋንያን እያሠራ ደጋግሞ ያሳያል። የሚያሳየው ግን የሆነውን አይደለም፤ እያንዳንዱ ምስክር «እንዲህ ሆነ» ያለውን ነው። ምስክሩ ሲለወጥ ትዕይንቱም ይለወጣል። መኪናው ውስጥ የነበረው አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት? የሟቹ ባልደረባ ውጭ ቆማ ነበር ወይስ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ? ፖሊሷ የወረወረቻት የሚልክሼክ ብርጭቆ በአየር ላይ ቀስ ብላ ስትበር የምትታየው ለውበት አይደለም፤ ፖሊሷ በዚያች ቅጽበት የት ነበረች የሚለውን ለማስጠየቅ ነው። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ግን ተዋናይ የሚያሰልፉት «ነገሩ በትክክል እንዲህ ነበር» ለማለት ነው፤ ተመልካቹም ሳያውቀው ተዋናዩን እንደ ማስረጃ ይቆጥረዋል። መጨረሻው ላይ ምስል የለም። በዚያ ቀን ካሜራው ስለተበላሸ ሃሪስ ሲናገር የምናየው የካሴት መቅረጫ ብቻ ነው። እሱን ክፍል ስልክ ሳትነኩ ስሙት።

ከፊልሙ ውጭ አንድ ነገር ልጨምር። አዳምስ ከተፈታ በኋላ የሕይወት ታሪኩን መብት ይመለስልኝ ብሎ ሞሪስን ከሶታል፤ ጉዳዩ ያለቀው በስምምነት ነው። ከሞት ያዳነው ፊልም እንኳ «ታሪኩ የማን ነው?» ከሚል ጥያቄ አላመለጠም። ወደዚህ ነገር በአገራችን ጉዳይ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው «ዘ ጂንክስ» ነው፤ አንድሩ ጃሬኪ ለኤችቢኦ የሠራው፣ በ2015 የታየ፣ ስድስት ክፍል። የኒውዮርክ የሕንፃ ባለሀብት ልጅ የሆነው ሮበርት ደርስት በሦስት ሰዎች ጉዳይ ስሙ ይነሣል፦ የጠፋችው ሚስቱ፣ በ2000 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተገደለችው የቅርብ ጓደኛው፣ እና ቴክሳስ ውስጥ የተገደለው ጎረቤቱ። የሚገርመው ሰውየው ራሱ ነው ለፊልም ሠሪው ደውሎ «ጠይቀኝ» ያለው።

እዚህ ላይ ቀረብ ብሎ ማየት የሚገባ ነገር አለ። ጓደኛው በተገደለችበት ሰሞን ለቤቨርሊ ሂልስ ፖሊስ አድራሻና «አስከሬን» የምትል አንዲት ቃል ብቻ የያዘ ስም የለሽ ደብዳቤ ደርሶ ነበር። በፖስታው ላይ «ቤቨርሊ» የሚለው ስም በተሳሳተ ፊደል ተጽፏል። ከዓመታት በኋላ የሟቿ የእንጀራ ልጅ ደርስት ራሱ በ1999 የላከላትን ሌላ ፖስታ አገኘ፤ ያው የእጅ ጽሑፍ፣ ያው ስሕተት። ጃሬኪ ሁለቱን ፊደል ጎን ለጎን አድርጎ «የአንተ የትኛው ነው?» ይለዋል። ሰውየው መለየት ያቅተዋል። ማስረጃ ማለት ይሄ ነው፤ ዳኛም፣ እናንተም፣ ቡና የምታፈላዋም በገዛ ዐይናችሁ የምታመዛዝኑት ነገር። በዚህ ትዕይንት ላይ ቪዲዮውን አቁማችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ሌላ ነው። ደርስት ልብሱ ላይ የተሰካውን ማይክሮፎን ረስቶ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ለራሱ ያወራል። በፊልሙ ላይ «ምን አድርጌ ነው? ሁሉንም ገድያቸው፣ ምን ይጠየቃል» የሚል ይዘት ያለው ንግግር ይሰማና ይጨለማል። ዓለም ሁሉ እንደ እምነት ቃል ወሰደው። በ2019 ለፍርድ ቤት የቀረበው የድምፁ ሙሉ ግልባጭ ግን ሌላ ቅደም ተከተል አሳየ። «ገድያቸው» የሚለው ቀድሞ የተነገረ ነው፤ «ምን አድርጌ ነው» የሚለው ከሌሎች ዓረፍተ ነገሮች በኋላ የመጣ ነው። አዘጋጆቹ ሁለቱን ቆርጠው፣ አገላብጠው፣ ጥያቄና መልስ አድርገው ገጥመዋቸዋል። ሰውየው በመስከረም 2021 በጓደኛው ግድያ ጥፋተኛ ተብሏል፤ በጥር 2022 ሞቷል። ስለዚህ «ፍርዱ ትክክል ከሆነ ቅንብሩ ምን አገባው?» የሚል አለ። በእኔ አስተያየት በጣም ያገባዋል። እውነተኛ ማስረጃ እጁ ላይ እያለ ቃል የሚያገላብጥ ሰው፣ ማስረጃ ባይኖረውስ ምን ያደርግ ነበር? ፖስታው ብቻውን በቂ ነበር። ከዚህ ወዲያ ማንኛውም ዘጋቢ ፊልም ላይ ድምፅ እየተሰማ የተናጋሪው አፍ ካልታየ «እዚህ ጋ ተቆርጧል» ብላችሁ ያዙ።

«ሜኪንግ ኤ መርደረር» ሦስተኛው ነው። ላውራ ሪቻርዲና ሞይራ ዲሞስ አሥር ዓመት ያህል ቀረጹት፤ ኔትፍሊክስ ላይ በታኅሣሥ 2015 ወጣ፣ አሥር ክፍል። ስቲቨን ኤቨሪ ባልሠራው ወንጀል 18 ዓመት ታስሮ በ2003 በዲኤንኤ ምርመራ ነፃ ይወጣል፤ ካሳ ጠይቆ ክስ እንደመሠረተ፣ በ2005 በሌላ ሴት ግድያ ይያዛል፤ በ2007 ይፈረድበታል። ብዙ ሰው ኤቨሪ ገደለ አልገደለ በሚለው ይጨቃጨቃል። የተከታታዩ ልብ ግን ያ አይደለም፤ የእኅቱ ልጅ የሆነው የ16 ዓመቱ ብሬንደን ዳሲ የተመረመረበት ክፍል ነው።

ልጁ ወላጅም ጠበቃም አጠገቡ የለም። መርማሪዎቹ «ጭንቅላቷ ላይ ምን አደረጋችሁ?» ይሉታል። ፀጉሯን ቆረጥን ይላል። ሌላስ? በቡጢ መታት ይላል። ሌላስ? ይገምታል እንጂ አያውቅም፤ የሚፈለገውን መልስ እንደ ክፍል ጥያቄ ይፈልጋል። በመጨረሻ ትዕግሥታቸው ሲያልቅ አንደኛው ራሱ «ጭንቅላቷ ላይ የተኮሰባት ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ውስጥ መልሱ አለ። ከዚያ በኋላ ልጁ የሚናገረው ሁሉ ከመርማሪው የተበደረው ነው። ይህን ትዕይንት ሁለት ጊዜ እዩት። በመጀመሪያው ልጁን፣ በሁለተኛው መርማሪዎቹን ብቻ። አዲስ መረጃ በመጀመሪያ ከማን አፍ እንደወጣ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከልጁ የወጣ ስንት ነው፣ ከእነሱ የወጣ ስንት ነው? ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። በ2016 አንድ የፌዴራል ዳኛ ፍርዱን ሽረውት ነበር፤ በ2017 መጨረሻ ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ4 ለ3 ድምፅ መልሶ አጸናው። ሰባት ዳኞች ያንኑ ቪዲዮ አይተው ለሁለት መከፈላቸው ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይናገራል።

እዚህ ላይ ቪዲዮውን አቁሞ ስለራስ አገር ሕግ መነጋገር ደስ ይላል። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለው፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት፣ የእምነት ቃል እንዲሰጥ እንደማይገደድ፣ ተገድዶ የሰጠውም ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል። አንቀጽ 20 ደግሞ ጥፋተኛ እስኪባል እንደ ጥፋተኛ አለመቆጠርን ያስቀምጣል። ይህን የሚያውቅ ሰው ቴሌቪዥን ላይ ተጠርጣሪ ካሜራ ፊት ቆሞ ሲያምን ሲያይ የሚጠይቀው ይለወጣል፦ ይህን ሲናገር ጠበቃው የት ነበር?

ግን ሚዛኑ ለአዘጋጆቹም ይሠራል። ይህ ተከታታይ የተዋቸው ነገሮች አሉ። በሟቿ መኪና ኮፈን መክፈቻ ላይ ከደም ውጭ የሆነ የኤቨሪ ዲኤንኤ ተገኝቷል መባሉን፣ ኤቨሪ ቁጥሩን ደብቆ እንደደወለላት መቅረቡን ተመልካች ከሌላ ቦታ ነው የሰማው። ለተከሳሽ የሚወግን ሥራ ክፉ አይደለም፤ የወገነ መሆኑን አውቆ ማየት ግን የተመልካቹ ድርሻ ነው። የ2018ቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ሌላ አሥር ክፍል ነው፤ ባይታይ ብዙ አይጎድልም።

ከመቀጠሌ በፊት የአሜሪካ ችሎት ላልለመደ ሰው ሁለት ነገር ልበል፤ ካልታወቁ ግማሹ ነገር ይምታታል። አንደኛው ጁሪ ነው። በእኛ ፍርድ ቤት ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም የሚወስኑት ዳኞች ናቸው። እዚያ ግን በእንዲህ ያለ ከባድ ክስ «ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም» የሚሉት ከሕዝብ የተመረጡ 12 ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም መስማማት አለባቸው። ጠበቆቹ እንደ ተዋናይ የሚናገሩት ለዚህ ነው፤ የሚያሳምኑት ዳኛውን አይደለም። ሁለተኛው «የአልፎርድ ቃል» የሚባለው ነው። ተከሳሹ «አላደረግሁም፣ ግን ዐቃቤ ሕግ ሊያስፈርድብኝ የሚችል ማስረጃ እንዳለው እቀበላለሁ» ብሎ ፍርዱን ይወስዳል። አምኗል አይባልም፣ ነፃ ወጥቷልም አይባልም።

ይህ ያስፈለገው ለ«ዘ ስቴርኬስ» ነው። ዣን ዣቪዬ ደ ለስትራድ የተባለ ፈረንሳዊ በ2004 በስምንት ክፍል ያወጣው ሥራ ነው፤ በ2018 ኔትፍሊክስ ላይ 13 ክፍል ሆኗል። ደራሲው ማይክል ፒተርሰን ሚስቱ በታኅሣሥ 2001 ደረጃ ሥር ሞታ ተገኘች፤ ወደቀች ወይስ ተገደለች? በ2003 ተፈረደበት። በኋላ የደም ፍንጣቂ ባለሙያው የሰጠው ምስክርነት የተሳሳተ ሆኖ ስለተገኘ አዲስ ችሎት ተፈቀደለት፤ በ2017 በአልፎርድ ቃል ተቋጨ። ጥንካሬው ካሜራው የተከላካይ ጠበቆቹ ቢሮ ውስጥ ገብቶ መቀመጡ ነው፤ ምስክር እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ባለሙያ እንዴት በገንዘብ እንደሚቀጠር ይታያል። ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል፤ ሟቿ ከራሷ ታሪክ ውስጥ ትጠፋለች። በላዩም የፊልሙ አርታዒ ከተከሳሹ ጋር የፍቅር ግንኙነት መሥርታ እንደነበር ታውቋል። ረጅም ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ብታዩ ይበቃል።

ጊዜ የሌለው ሰው «ሎንግ ሾት»ን ይይ፤ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። በ2003 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በግድያ የተከሰሰ ሰው «በዚያ ምሽት ከልጄ ጋር ቤዝቦል ሜዳ ነበርኩ» ይላል፤ የሚያምነው የለም። ጠበቃው ስታዲየሙ ውስጥ በዚያው ምሽት የአንድ አስቂኝ ድራማ ቀረጻ እንደነበር ይደርስበታል፤ ከተጣለው ቀረጻ ውስጥ ሰውየው ሲያልፍ ይገኛል። «አሜሪካን መርደር»ም (2020) አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ተራኪ የለውም፣ ተዋናይ የለውም፤ ሙሉው በስልክ ቪዲዮ፣ በጽሑፍ መልእክትና በፖሊሶች ደረት ካሜራ የተሠራ ነው። ሕፃናት የሞቱበት ጉዳይ ስለሆነ ልጆች ባሉበት አይከፈት።

«ኦ ጄ፦ ሜድ ኢን አሜሪካ» ደግሞ ለብቻው ሳምንት ይፈልጋል። 467 ደቂቃ፣ ማለትም 7 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ነው፤ በ2017 ኦስካር አግኝቷል። ዳይሬክተሩ እዝራ ኤደልማን ግድያውን ቶሎ አያነሳም፤ መጀመሪያ የቀድሞ ሚስቱን በመግደል የተከሰሰው የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ኦ ጄ ሲምፕሰን እንዴት ዝነኛ እንደሆነና የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ከጥቁር ነዋሪዎች ጋር ምን እንደነበረው ያሳያል። ተመልካቹ «መቼ ነው የሚጀምረው?» ይላል። ችሎቱ ላይ ሲደርስ ግን ነፃ ያለው የጁሪው ውሳኔ ከየት እንደመጣ ይገባዋል። ከሁሉም የምወደው ይህን ነው።

ወደ ድራማ ስንመጣ፣ ከእውነተኛ ጉዳይ የተወሰዱ ሦስት አሉ። «ዌን ዘይ ሲ አስ» (2019፣ አራት ክፍል) በ1989 ኒውዮርክ ውስጥ ተይዘው በሐሰት ስለተፈረደባቸው ከ14 እስከ 16 ዓመት ስለነበሩ አምስት ልጆች ነው። ፍርዱ የተሻረው በ2002 ነው። ከብሬንደን ዳሲ ምርመራ በኋላ ከታየ ሁለቱ ይተጋገዛሉ። የመጨረሻው ክፍል ከባድ ነው፤ ማታ አትጀምሩት። «አንቢሊቨብል» (2019፣ ስምንት ክፍል) ደግሞ ተቃራኒውን ጎን ያሳያል። ተደፍሬያለሁ ያለች የ18 ዓመት ወጣት ተጠራጥረው ሲያስጨንቋት ቃሏን ታነሣለች፤ በሐሰት ጥቆማ ትከሰሳለች። በሌላ ግዛት ሁለት ሴት መርማሪዎች ያንኑ ወንጀለኛ ይከተላሉ። የመጀመሪያውን ክፍል ምርመራና የሁለተኛውን ክፍል ምርመራ አወዳድሩ፦ በአንደኛው ልጅቷን አንድ ታሪክ ደጋግማ እንድትናገር ያደርጓታል፣ እያንዳንዷ ትንሽ ልዩነት እንደ ውሸት ትቆጠራለች። በሌላው መርማሪዋ መጀመሪያ የምትጠይቀው «የት ሆነን ብናወራ ይመችሻል?» በሚል መንፈስ ነው። ያው ሙያ፣ ያው ሕግ፤ ውጤቱ ግን ሌላ ነው።

ሦስተኛው የእንግሊዙ «ሚስተር ቤትስ ቨርሰስ ዘ ፖስት ኦፊስ» (2024፣ አራት ክፍል) ነው። ደም የለበትም፤ ሒሳብ ነው ያለበት። «ሆራይዘን» የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት የሌለ ጉድለት እያሳየ ከ1999 እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ የፖስታ ቤት ወኪሎች በስርቆትና በማጭበርበር ተፈርዶባቸዋል። ገንዘብ ቤት የሠራ ሰው የካዝና ጉድለት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ማታ ቆጥሮ ሲጎድል ከኪሱ ይሞላል። እነዚያም እንዲሁ ከኪሳቸው እየሞሉ ከሰሩ። ድራማው ከታየ በኋላ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ፍርዶቹን በጅምላ የሚሽር ሕግ ወጥቷል።

ፈጠራ ሆኖ ከእውነት የሚቀርበው «ዘ ዋየር» ነው፤ ከ2002 እስከ 2008፣ አምስት ምዕራፍ፣ 60 ክፍል። የጻፉት የባልቲሞር ጋዜጠኛ የነበረው ዴቪድ ሳይመንና የግድያ መርማሪ የነበረው ኤድ በርንስ ናቸው። ብዙ ሰው ሦስተኛው ክፍል ላይ ይተወዋል፤ ስም ይበዛል፣ ማንም ቆሞ አያስረዳም፣ የመንገዱ እንግሊዝኛ ይከብዳል። መፍትሔው የእንግሊዝኛ ጽሑፉን ማብራትና እስከ አምስተኛው መታገሥ ነው። ስልክ ለመጥለፍ ምን ያህል ወረቀት፣ ምን ያህል ፊርማ እንደሚፈልግ የሚያሳይ ሌላ ድራማ የለም።

የእኛዎቹስ? «ሰው ለሰው» ላይ አበበ ባልቻ አስናቀን ሲጫወት ክፉ ሰው መጮህ እንደማያስፈልገው አሳይቷል፤ ያ ችሎታ አለን። የሚጎድለን የምርመራው ሂደት ነው። በድራማዎቻችን ተጠርጣሪ ይያዛል፣ አንድ ጠረጴዛ ፊት ይቀመጣል፣ ሁለት ጊዜ ይጮኽበታል፣ ያምናል፤ አለቀ። የጊዜ ቀጠሮ የለም፣ ዋስትና የለም፣ ምስክር የሚሸሽበት የለም። ጅማም ሆነ ሌላ ከተማ አንድ ቀን ችሎት የተቀመጠ ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ትዕይንት ያገኛል።

ከእውነተኛ ጉዳይ የተሠራው ዋና ሥራችን በ2014 የወጣው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ነው፤ በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካች ሽልማት አግኝቷል። የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፤ ጠላፊዋን በጠመንጃ ትገድላለች፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ይከራከርላታል። ሜሮን ጌትነት ጠበቃዋን፣ ትዝታ ሀገሬ ልጅቷን ይጫወታሉ። ስታዩት ሕጉን አስቡ። የቀድሞው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ካገባት ከቅጣት እንዲያመልጥ በር ይከፍት ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል፤ ጋብቻም ከተጠያቂነት አያድንም። አዲስ አበባ ላይ ፊልሙ ሊመረቅ ሰዎች ተሰብስበው ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ ታሪኩ የእኔ ነው ያለችው ራሷ ባለጉዳዩዋ ነበረች። ከአዳምስና ከሞሪስ ክርክር ጋር አንድ ላይ አስቡት። ለበጎ ዓላማ የተሠራ ፊልምም ቢሆን ባለታሪኩን ማስፈቀድ አለበት ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

ይቅርባችሁ የምለው ስለ አሜሪካዊው ተከታታይ ነፍሰ ገዳይ ጄፍሪ ዳህመር የተሠራውን የ2022ቱን ድራማ ነው። ከሟቾቹ ቤተሰቦች ማንም እንዳላማከራቸው የተናገሩ አሉ፤ የገዛ ለቅሷቸው ቃል በቃል በተዋናይ ተደግሞ ሲታይ የሚሰማቸውን መገመት አያዳግትም። በአጠቃላይም አንድ ተከታታይ በየክፍሉ መጀመሪያ ያለፈውን አምስት ደቂቃ ከደገመ፣ ጫካ ከላይ በድሮን ደጋግሞ ካሳየ፣ በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ላይም አዲስ ሰነድ ካላሳየ፣ የ90 ደቂቃ ነገር አራት ሰዓት ተለጥጧል ማለት ነው። ተዉት።

አሁን ወደ ዳታው። ኔትፍሊክስ በመካከለኛ ጥራት በሰዓት 0.7 ጊጋ ገደማ፣ በኤችዲ እስከ 3 ጊጋ ይበላል። አሥር ሰዓት የሚሆነው «ሜኪንግ ኤ መርደረር» በኤችዲ 30 ጊጋ፣ በመካከለኛ 7 ጊጋ ነው ማለት ነው። ስልክ ላይ «ዳታ ቆጥብ» የሚለውን ካበራችሁ 1 ጊጋ ስድስት ሰዓት ያህል ይይዛል። ለዚህ ተከታታይ ዝቅተኛው ይበቃል፤ የምርመራ ቪዲዮዎቹ ራሳቸው ከመነሻው ደብዛዛ ናቸው። «ዘ ጂንክስ»ን ግን ፖስታው ላይ ያለውን ፊደል ለማየት በኤችዲ እዩት። በሌሊት ጥቅል አውርዶ ማቆየት ያዋጣል፤ ብቻ አንዳንዱ የወረደ ፊልም በ7 ቀን፣ አንዳንዱም ማየት ከጀመራችሁ በ48 ሰዓት ስለሚዘጋ የቅዳሜውን አርብ ሌሊት አውርዱ።

በፍላሽ ቴሌቪዥን ላይ ለሚያይ የተለመዱት ችግሮች አራት ናቸው። ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ፋይል አልገለበጥ ካለ ፍላሹ «ፋት 32» ሆኖ ፎርማት ስለተደረገ ነው። ድምፅ እያለ ምስሉ ከጨለመ ፋይሉ «ኤች 265» ነው፤ የቆየ ቴሌቪዥን የሚያነበው «ኤች 264»ን ነው። ጽሑፉ ካልመጣ የጽሑፉ ፋይል ስም ከቪዲዮው ስም ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን እዩ። ጽሑፉ መጀመሪያ ልክ ሆኖ እየቆየ ከተዛባ፣ በሰዓት ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ከራቀ፣ አንዱ በሰከንድ 25 ሌላው ወደ 24 ፍሬም የተሠራ ነውና ሌላ የጽሑፍ ፋይል ፈልጉ እንጂ በማስቀደም በማዘግየት አይስተካከልም። ከዳር እስከ ዳር በእኩል መጠን ከዘገየ ወይም ከቀደመ ግን ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ የተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ «ጂ» እና «ኤች» ቁልፎችን ሲጫኑ በ50 ሚሊ ሰከንድ ያስተካክላል።

ቡናውን ደግሞ ቆልታችሁ ወቅጣችሁ ጨርሱና ክፈቱ፤ ሙቀጫ እየተወቀጠ የምስክር ቃል አይሰማም። አንድ ክፍል ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው። አቦል ሲቀዳ ይጀመር፤ ቶና ላይ ቆም ተደርጎ እንግሊዝኛ ለማይከተሉት ይተርጎም፤ በረካው ለክርክሩ ይቆይ። አንድ ሰው ደብተር ይያዝ፦ ማን ተናገረ፣ በዐይኑ አየ ወይስ ሰማ፣ ሲናገር አፉ ታየ ወይስ ድምፁ ብቻ ነው።

ለጀማሪ ቅደም ተከተሌ ይህ ነው፦ «ሎንግ ሾት» በአንድ ምሽት፣ «ዘ ቲን ብሉ ላይን» በሁለተኛው፣ ከዚያ «ዘ ጂንክስ» በሦስት ምሽት ሁለት ሁለት ክፍል፣ ቀጥሎ «አንቢሊቨብል»። የ«ዘ ጂንክስ» ሁለተኛ ምዕራፍ በ2024 የወጣ ስድስት ክፍል ነው፤ ስለ ደርስት ብዙ አዲስ ነገር የለውም፤ የሚመረምረው እያወቁ ዝም ያሉትን ጓደኞቹን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጨርሳችሁ ቢያንስ አንድ ሳምንት ተከራክራችሁበት ክፈቱት።